የቢሮ ወንበር ለመግዛት ሜትር ይዘው ይሂዱ

የቢሮ ወንበር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በሦስት ነገር ላይ ነው፦ መልኩ፣ ልስላሴውና ዋጋው። ሦስቱም በቀን ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ወገብ የሚፈይዱት ነገር ጥቂት ነው። ወፍራም፣ ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ የራስ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ለሁለት ደቂቃ ሲቀመጡበት ይመቻል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ያው ወንበር ጭን ሲያደነዝዝ፣ ትከሻ ሲያጨማድድና ወገብ ሲያደክም ይገኛል። በአብዛኛው ችግሩ የወንበሩ ጥራት አይደለም፤ ልኩ ነው። ገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ወንበሮች እስከ መጨረሻው ዝቅ ቢሉም ከ44 ወይም ከ45 ሴንቲ ሜትር አይወርዱም። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 የሆነች የሂሳብ ሠራተኛ ግን እግሯ መሬት በደንብ እንዲረግጥ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሚወርድ ወንበር ትፈልጋለች። ጫማ ያለ ቁጥር እንደማይገዛ ሁሉ ወንበርም ያለ ልክ መገዛት የለበትም።

ቤት ውስጥ የሚለካው

ሥራ ላይ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ጠንካራ የእንጨት ወንበር ላይ ይቀመጡ። ወንበሩን ግድግዳ አስጠግተው መቀመጫዎን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይግፉ፤ የእግርዎ መዳፍ ሙሉ በሙሉ ወለሉን ይርገጥ። የሚለካልዎት ሌላ ሰው ይሁን። ራስዎ ሲለኩ ማጎንበስዎ ስለማይቀር ቁጥሩ ይዛባል።

1. ከወለል እስከ ጉልበት እጥፋት፣ ማለትም ከጭንዎ ሥር ከጉልበት ጀርባ እስካለው ቦታ። ይህ የመቀመጫው ከፍታ ነው።
2. ከመቀመጫዎ ጀርባ፣ ግድግዳውን ወይም የወንበሩን መደገፊያ ከሚነካው ቦታ፣ እስከ ጉልበት እጥፋት። ከዚህ ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ የሚስማማዎት የመቀመጫ ጥልቀት ይገኛል።
3. ክንድዎን በጎንዎ ዝም ብለው ለቀው ክርንዎን ሲያጥፉ፣ ከወንበሩ ገጽ እስከ ክርንዎ ሥር። ይህ የክንድ ማሳረፊያው ከፍታ ነው።
4. የዳሌዎ ስፋት ሰፊው ቦታ ላይ። መቀመጫው በሁለቱም በኩል ቢያንስ 2፣ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ሊኖረው ይገባል።

ከዚያ ጠረጴዛዎን ይለኩ፦ ከወለል እስከ ላይኛው ገጽ፣ እንዲሁም ከወለል እስከ መሳቢያው ሥር። ስድስቱንም ቁጥሮች ስልክዎ ላይ ጽፈው ይያዙ። ክብደትዎንም ይጨምሩበት፤ ጋዙ (ወንበሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሲሊንደር) እና እግሩ የሚመረጡት በእሱ ነው።

ጠረጴዛው ወንበሩን ሲያበላሸው

ብዙ ሰው ወንበሩን የሚወቅስበት ሕመም ምንጩ ጠረጴዛው ነው። የተለመደው የቢሮ ጠረጴዛ ቁመት ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በእንጨት ሥራ ቤት የሚሠራው አንዳንዴ ከዚያም ያልፋል። ከላይ ያልናትን የሂሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። ከወለል እስከ ጉልበት እጥፋቷ 40፣ ከመቀመጫ እስከ ክርኗ 22 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ወንበሯ በልኳ ከሆነ ክርኗ ከወለል 62 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ጠረጴዛው 75 ከሆነ ክርኗ ከጠረጴዛው 13 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ ማለት ነው፤ ኪቦርዱ ራሱ የሚጨምረው ውፍረት ሳይቆጠር። በዚህ ሁኔታ ለመጻፍ ትከሻዋን ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ሰቅላ መያዝ ይኖርባታል። ማታ አንገቷንና የትከሻዋን ጫፍ የሚያቃጥላት ይህ ነው፤ የፈለገው ውድ ወንበር ቢመጣላትም አይለቃትም።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወንበሩን ክርኗ ከጠረጴዛው ጋር እስኪስተካከል ከፍ አድርጎ እግሯ ሥር ማሳረፊያ ማስቀመጥ ነው። በምሳሌያችን ወንበሩ ወደ 53 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፣ የእግር ማሳረፊያው 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ማሳረፊያው ሁለቱን እግሮች ተራርቀው የሚያስቀምጥ፣ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ የማይንሸራተት የእንጨት ሳጥን ቢሆን በቂ ነው። የወንበሩን የኮከብ ቅርጽ ያለው እግር መርገጥ ግን የእግር ማሳረፊያን አይተካም፤ እግርን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ ዳሌን ያንሸራትታል።

ሁለተኛውና እኛ የምንመርጠው፣ ጠረጴዛው የራስ ከሆነና አንድ ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ፣ ጠረጴዛውን ማሳጠር ነው። የእንጨት እግር ያለው ጠረጴዛ አናጢ ዘንድ በግማሽ ሰዓት ይቆረጣል፤ የብረት ከሆነ ብየዳ ቤት ይሠሩታል። ከመቆረጡ በፊት ግን ከወለል እስከ መሳቢያው ሥር ያለውን ልክ ይዩ። ከተቆረጠ በኋላ በጭንዎና በመሳቢያው መካከል 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ክፍት ካልቀረ መሳቢያው መነሳት አለበት። ጠረጴዛ ማስቆረጥ አዲስ ወንበር ከመግዛት በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ብዙ ሰው ግን አያስበውም።

በላፕቶፕ ብቻ የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ኪቦርዱና ስክሪኑ የተያያዙ ስለሆኑ እጅ ሲመቸው አንገት ይጎብጣል፣ አንገት ሲመቸው እጅ ይሰቀላል። ላፕቶፑን የስክሪኑ ላይኛ ጠርዝ ከዐይን ጋር እስኪስተካከል ከፍ አድርጎ ለብቻው ኪቦርድና ማውስ መሰካት ግድ ነው። ይህ ካልሆነ ወንበር ላይ የሚወጣው ገንዘብ ግማሹ ይባክናል።

መቀመጫው

ከፍታውን በቁጥርዎ ይፈትሹ። የሚፈልጉት ከፍታ ጋዙ በሚወጣበትና በሚወርድበት ክልል መካከል ቢውል ጥሩ ነው፤ በአብዛኛው ክልሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሲለኩ ሰው ተቀምጦበት ይሁን፤ ስፖንጁ ሲጨመቅ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳልና።

ጥልቀት ሱቅ ውስጥ ማንም የማይጠይቀው፣ ግን ከሁሉ በላይ ወገብን የሚጎዳው ልክ ነው። መቀመጫው ከጭንዎ ርዝመት በላይ ጥልቅ ከሆነ ጠርዙ የጉልበትዎን ጀርባ ይገፋል። ያን ለማምለጥ ሳያውቁት ወደ ፊት ይንሸራተታሉ፤ ያኔ ወገብዎ ከመደገፊያው ይለያል፣ ጀርባዎ ይጎብጣል። ስለዚህ የወገብ ድጋፉ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚነካው ሰው የለም። እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገብተው ሲቀመጡ በመቀመጫው ጠርዝና በጉልበት ጀርባ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። ብዙ ጊዜ ለሥራ አስኪያጅ ተብሎ የሚሸጠው ትልቁ ወንበር ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ ከ1 ሜትር ከ70 በታች ለሆነ ሰው አይሆንም። መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ወንበር ካገኙ፣ በተለይ ወንበሩን ሁለት ሰው የሚጋራው ከሆነ፣ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው ለዚህ ነው። የፊት ጠርዙም ክብ ሆኖ ወደ ታች ያዘቀዘቀ ይሁን። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጠንካራ ጠርዝ ከጭን ሥር ያሉትን ደም ሥሮችና ነርቮች ይጫናል።

የስፖንጁን ጥራት ሻጩ አያውቀውም፤ በእጅ ይፈተሻል። ጡጫዎን ጨብጠው፣ ክብደትዎን ጥለው፣ የመቀመጫው መሃል ላይ ይጫኑ። ከሥር ጣውላው ወይም ፕላስቲኩ እጅዎን ከነካው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የመቀመጫዎን አጥንት ይነካል ማለት ነው። በቅርጽ ተጠፍጥፎ የተሠራና በሜትር ኪዩብ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝን ስፖንጅ ለዓመታት ቅርጹን ይይዛል። ከትልቅ ስፖንጅ ላይ ተቆርጦ የገባው ቀላል ስፖንጅ ግን ለስላሳ ሆኖ ይጀምርና ፈጥኖ ይሰረጉዳል። የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ጠንከር ያለብዎት ወንበር አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው ነው።

ኔት ወይም መረብ መቀመጫ አየር ያስገባል፣ ሙቀት ባለባቸው እንደ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች ይመረጣል። ግን ርካሹ ኔት ይላላል። ሲላላ ሰውነት መሃል ላይ ይሰምጥና የፍሬሙ ጠርዝ ጭንን ከጎንና ከፊት ይቆርጣል። ጣትዎን በፍሬሙ ዙሪያ ያስኪዱ፤ ጠንካራ ጠርዝ ከተሰማዎት ይተዉት። ኔቱ መደገፊያው ላይ ብቻ ሆኖ መቀመጫው ስፖንጅ የሆነ ወንበር ለአብዛኛው ሰው ጥሩ አማካይ ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ ላብ ያቁራል፤ ርካሽ ከሆነ ደግሞ ልብስና ክንድ የሚፈትጉት ቦታ ላይ ይላጣል። ጨርቅ ይሻላል።

መደገፊያውና ወደ ኋላ ማዘንበሉ

ሰው ሲቀመጥ ዳሌው ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሲቆም ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ የሚታየው የታችኛው ወገብ ይስተካከላል ወይም ወደ ውጭ ይጎብጣል። የወገብ ድጋፍ ሥራው ይህን ጎድጓዳ መጠበቅ ነው። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናከምሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዲስክ ውስጥ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለው ትራስ ውስጥ፣ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ሲለካ፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ዲስኩን እንደሚጫን አገኘ። በ1970ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር በተደረገው ልኬት ደግሞ መደገፊያው ወደ ኋላ ሲያዘነብልና ወገብ ሲደገፍ ግፊቱ እንደሚቀንስ ታየ። በኋላ የተደረገ ልኬት በመቀመጥና በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል ትልቅ እንዳልሆነ ቢያሳይም፣ ወደ ኋላ መደገፍ ጫናውን ማቅለሉ እንዳለ ነው። በትምህርት ቤት የለመድነው "ቀጥ ብለህ ተቀመጥ" ለረጅም ሥራ ምርጡ አቀማመጥ አይደለም። መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ሲሆን ጀርባ ክብደቱን ለወንበሩ ያካፍላል።

የድጋፉ መሃል ከተጨመቀው መቀመጫ በላይ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ፣ ቀበቶ ከሚታሰርበት ትንሽ ከፍ ብሎ መዋል አለበት። ከዚህ ከፍ ካለ የጎድን አጥንትን እየገፋ ወደ ፊት ይጥላል፤ ዝቅ ካለ ዳሌን ከወንበሩ ያስወጣል። ድጋፉ ወይም መደገፊያው ራሱ ከፍ ዝቅ የማይል ከሆነ፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው እብጠቱ የት እንደሚነካዎት በእጅዎ ይዳስሱ። ሰውነትዎ ካልወደደው አይለምደውም።

ማዘንበያው ሦስት ዓይነት ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ያለው ብረት ላይ ይታያል። የመጀመሪያው መደገፊያውና መቀመጫው አንድ ላይ የሚወዛወዙበት፣ መሃል ላይ የሚሽከረከር ነው። ወደ ኋላ ሲሉ የመቀመጫው የፊት ጠርዝ ይነሳል፣ እግር ከወለል ይለቃል፣ ጭን ይጫናል። ርካሽ ወንበሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ የሚቆለፉትም ቀጥ ባለው ቦታ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚዞርበት ቦታ ወደ ጉልበት የቀረበ ነው፤ እግር መሬት ላይ ይቀራል። ሦስተኛው ሲንክሮ የሚባለው ሲሆን መደገፊያው ሁለት ዲግሪ ሲያዘነብል መቀመጫው አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ይከተላል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ይህ ነው የሚመረጠው። ሱቅ ውስጥ ማንሻውን ለቀው ወደ ኋላ ይበሉ፤ ተረከዝዎ ከተነሳ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ከመቀመጫው ሥር ከፊት ወይም ከጎን ያለው ትልቁ የሚዞር እጀታ ለማዘንበል የሚያስፈልገውን ኃይል ይወስናል። ብዙ ሰው ወንበሩን ከገዛ በኋላ ነክቶት አያውቅም። መደገፊያው ወደ ፊት የሚገፋዎት ከሆነ ያላሉት፣ በጀርባ የሚጥልዎት ከሆነ ያጥብቁት። ልኩ ሲገኝ በቀላል ግፊት ወደ ኋላ ይላሉ፣ ባሉበት ቦታ ሚዛን ጠብቆ ይይዝዎታል። ከዚያ በኋላ ማንሻውን ሳይቆልፉ መሥራት ይመረጣል፤ ጀርባ የሚደክመው በመጥፎ አቀማመጥ ብቻ ሳይሆን ባለመንቀሳቀስም ነው።

የራስ ማሳረፊያ የሚያገለግለው ጋደም ሲሉ ብቻ ነው። ኪቦርድ ላይ ሲሠሩ አይነካዎትም፤ ከነካዎትም ራስዎን ወደ ፊት እየገፋ ነው። ለእሱ ብለው ዋጋ አይጨምሩ። የጌም ወንበሮችም የመኪና ወንበር መልክ ይዘው የጎን ክንፋቸው ትከሻንና ጭንን ያጣብባል፤ ክንፉ የተሠራው መኪና ሲጠማዘዝ ሰውነትን ለመያዝ ነው፣ ቢሮ ውስጥ የሚጠማዘዝ ነገር የለም።

የክንድ ማሳረፊያ

ከፍታው የማይስተካከል የክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ጭራሹን ማሳረፊያ ከሌለው ይብሳል። ከፍ ካለ ትከሻ ይሰቅላል፤ ዝቅ ካለ ወደ አንድ ጎን ያጋድማል፤ ከጠረጴዛው ጋር ከተጋጨ ደግሞ ወደ ሥራው መቅረብ ይከለክላል፣ እጅ ተዘርግቶ ይሠራል። ለእርስዎ የሚበጀው ቤት የለኩት 3ኛው ቁጥርዎ (ከወንበሩ ገጽ እስከ ክርን) የሚያርፍበት፣ ዝቅ ሲል ከጠረጴዛው ሥር የሚገባ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም ይታይ። ክርንዎን ከጎንዎ ማራቅ ከጠየቀዎት ሰፊ ነው።

የማይስማማውን ማሳረፊያ መፍታት ይቻላል፤ በአብዛኛው በየጎኑ ሁለት ወይም ሦስት ብሎን ከመቀመጫው ሥር ይዞታል። ከመፍታትዎ በፊት ግን መደገፊያው በምን እንደተያዘ ይዩ። አንዳንዱ ወንበር ላይ መደገፊያውን ከመቀመጫው ጋር የሚያገናኘው የክንድ ማሳረፊያው ራሱ ነው። እሱ ከተፈታ መደገፊያው ይወድቃል።

ጋዝ፣ እግርና ጎማ

ወንበሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሲሊንደር በግፊት የታመቀ ናይትሮጅን ይዟል። ሲሊንደሩ ላይ ክላስ 3 ወይም ክላስ 4 የሚል ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር የቱቦው ብረት ይወፍራል። ከ90 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ክላስ 4 ይጠይቅ። ሲሊንደሩን በፍጹም መብሳት፣ መበየድ ወይም ማሞቅ አይገባም፤ ይፈነዳል።

እግሩ አምስት ቅርንጫፍ ያለው ይሁን። አራት ከሆነ ወደ ጎን ሲሉ ይገለብጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 65 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የፕላስቲክ እግር ሲሰበር የሚጀምረው ሲሊንደሩ ከሚገባበት መሃል ነው፤ ወንበሩን ገልብጠው እዚያ ቦታ ስንጥቅ ይፈልጉ። ከሥር ያሉት የማጠንከሪያ ክንፎች ወፍራምና ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ከብረት ተበይዶ በክሮም የተለበጠውን ከአሉሚኒየም ጋር አያምታቱ፤ ስሱ ብረት ብየዳው ላይ ይለቃል።

ጎማ እንደ ወለሉ ነው። ጠንካራ የናይለን ጎማ ለምንጣፍ ይሆናል። ሴራሚክ፣ ቴራዞ ወይም ፓርኬ ላይ ግን ይንሸራተታል፣ ይጮሃል፣ ፓርኬውን ይቧጥጣል፤ ለእነዚህ ላዩ ለስላሳ ጎማ የለበሰ ይምረጡ። የጎማው ዘንግ በአብዛኛው 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ በእጅ ተስቦ ይወጣል፣ ሌላ ይተካል። ስለዚህ ጥሩ ወንበር በጎማው ምክንያት አይተዉ።

ሱቅ ውስጥ

ከሥራ በኋላ፣ ሰውነት በደከመበት ሰዓት ይሂዱ፤ ጠዋት ትኩስ ሆነው ሁሉም ወንበር ይመቻል። ሜትር አውጥተው ከፍታውን፣ ጥልቀቱንና የክንድ ማሳረፊያውን ይለኩ። ከቁጥርዎ ጋር ያልተስማማውን ሳይቀመጡበት ይለፉ። የተረፉት ሁለት ሦስት ላይ፣ እያንዳንዱ ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቀመጡ፤ ጠረጴዛ ፊት ቢሆን ይመረጣል። ሻጩ ቢያጣድፍዎት አይጣደፉ። ለዓመታት የሚቀመጡበት ዕቃ ነው።

ሲቀመጡ ማንሻዎቹን ሁሉ ይሞክሩ። ወንበሩን ከፍ አድርገው አሥር ደቂቃ ይቆዩበትና ከወለል እንደገና ይለኩ፤ ከወረደ ጋዙ ያፈሳል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዙ መደገፊያው ሲንቋቋ፣ ሲንቀጠቀጥ ያዳምጡ። በሳጥኑ ወይም ከመቀመጫው ሥር ባለው ወረቀት ላይ ኢኤን 1335 ወይም ቢፍማ የሚል ካለ ወንበሩ የአውሮፓን ወይም የአሜሪካን የቢሮ ወንበር መመዘኛ አልፏል መባሉ ነው። ጥሩ ምልክት ነው፤ ለእርስዎ ልክ መሆኑን ግን አይነግርም።

ገንዘብ ካጠረ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ልክ የሆነ ከፍታና ጥልቀት፣ ከዚያ ጥሩ ስፖንጅ፣ ከዚያ የወገብ ድጋፍ፣ ከዚያ ማዘንበያው፣ ከዚያ ክንድ ማሳረፊያው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ለመሥሪያ ቤት የሚገዙ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ልማድ ቢተዉ እንወዳለን። በብዙ ቢሮ ትልቁና ውዱ ወንበር የሚሰጠው ለአለቃው ነው፤ አለቃው ግን ቀኑን በስብሰባና በጉዞ ያሳልፋል። ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው የሚውሉት ጸሐፊዋ፣ የሂሳብ ሠራተኛውና የደንበኛ ስልክ የምትቀበለው ልጅ ናቸው። ማስተካከያ ያለው ወንበር ለእነሱ ይሰጥ።

ያገለገለ ወንበር

ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዕቃቸውን በጨረታ ሲሸጡ ጥሩ የቢሮ ወንበር ይገኛል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩት ወገኖቻችን ደግሞ ሲዘጉ ወይም ሲዛወሩ ዕቃቸውን የሚያወጡ ድርጅቶች ሰፊ ገበያ ናቸው። በተመሳሳይ ዋጋ ከአዲስ ርካሽ ወንበር ይልቅ ያገለገለ ጥሩ ወንበር ይሻላል፤ ጥሩዎቹ መለዋወጫ ስላላቸው ይጠገናሉ።

ለምሳሌ የአሜሪካው የቢሮ ዕቃ አምራች ኸርማን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ኤሮን የተባለ ወንበር መቀመጫውም መደገፊያውም ኔት ሲሆን በሦስት መጠን ይመጣል፤ ትንሹ ኤ፣ መካከለኛው ቢ፣ ትልቁ ሲ። መጠኑን ለማወቅ ከመደገፊያው ላይኛ ጠርዝ ጀርባ በጣት ይዳስሱ፤ አንድ ነጥብ ኤ፣ ሁለት ቢ፣ ሦስት ሲ ነው። የመቀመጫው ጥልቀት ስለማይስተካከል መጠኑን ካሳቱ ማረሚያ የለውም። ስቲልኬዝ የተባለው ሌላ አምራች የሚሠራው ሊፕ ግን መጠኑ አንድ ቢሆንም መቀመጫው ይንሸራተታል፤ ሳይሞክሩ በስልክ ለሚገዙ አደጋው ያነሰ ነው። በሁለቱም ላይ የተሠሩበት ቀን ከመቀመጫው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ያገለገለ ሲያዩ ስፖንጁና ጎማው ቢያልቅ አይጨነቁ። የሶፋ ሠራተኛ ስፖንጁን ይቀይረዋል፤ ውፍረቱ ግን ከነበረው አይለወጥ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ቢጨመር ክንድ ማሳረፊያውና የወገብ ድጋፉ በዚያው ልክ ዝቅ ይሉብዎታልና። የሚያስተወው የማዘንበያው ብረት መላላት፣ የእግሩ ስንጥቅና የኔቱ መቀደድ ነው። ጋዙ ብቻ ከሞተ ይቀየራል። ሲሊንደሩ በብሎን አልተያዘም፤ ሾጠጥ ብሎ በጥብቀት የገባ ነው። ወንበሩን ገልብጠው እግሩን፣ ከዚያ ማዘንበያውን ከዙሪያው በጎማ መዶሻ በመምታት ያላቅቃሉ፤ እምቢ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተው ያሳድሩትና በቧንቧ መፍቻ ያዙሩት። በአብዛኞቹ ወንበሮች የሲሊንደሩ የታችኛው ጫፍ 50፣ የላይኛው 28 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ለሌላው ይገባል። ርዝመቱን ግን አሮጌውን ይዘው ሄደው ያመሳስሉ።

ካስቀመጡት በኋላ

ሲያስተካክሉ ከታች ወደ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ከፍታ ከጠረጴዛው ጋር፣ ከዚያ የእግር ማሳረፊያ፣ ጥልቀት፣ የወገብ ድጋፍ፣ የማዘንበያው ውጥረት፣ መጨረሻ ላይ ክንድ ማሳረፊያው። ሁለት ሳምንት ይስጡት፤ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም በትንሽ በትንሹ ይለውጡ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ከለወጡ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም።

ሰውነት የሚያጉረመርምበት ቦታ የቱ እንደተሳሳተ ይናገራል። ጭን ሥር ወይም እግር ከደነዘዘ ወንበሩ ከፍ ብሏል ወይም ጥልቅ ነው። የትከሻ ጫፍና አንገት ከተቃጠለ ጠረጴዛው ወይም ክንድ ማሳረፊያው ከፍ ብሏል። የመቀመጫ አጥንት ከታመመ ስፖንጁ ወድቋል፣ ወይም ወደ ፊት ተንሸራተው በጅራት አጥንትዎ ላይ እየተቀመጡ ነው። በታችኛው ወገብ ከሆነ ድጋፉ አይደርስዎትም። ለጊዜው ፎጣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ጠቅልለው፣ በገመድ ከመደገፊያው ጋር አስረው ይሞክሩት፤ ከተሻለዎት የሚፈልጉትን ከፍታ አገኙ ማለት ነው። ሕመሙ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ እግር የሚያደነዝዝ ወይም የሚያሰንፍ ከሆነ ግን የወንበር ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪም ይዩ።

በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተው አንድ ሁለት ደቂቃ ይቁሙ ወይም ይራመዱ፤ ስልክ ሲያወሩ ቆመው ያውሩ። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ወንበሩን ገልብጠው ብሎኖቹን ሁሉ ያጥብቁ፣ ጎማው ላይ የተጠመጠመውን ፀጉርና ክር በመቀስ ቆርጠው ያውጡ። ብሎን ሲላላ የሚበላው ቀዳዳውን ነው፤ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ በኋላ ማጥበቅ አይይዘውም።